የተሸናፊው ቁጣ፦ የወንዶች ስጋትና ሴት ተጫዋቾች በኦንላይን ጌም



የዛሬው የገለጻዬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የማይመጥን ቀልድ መስሎ ሊታይ ይችላል። «ጌም» የሚለው ቃል ራሱ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን ወጣቶቻችን ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ እየተነጋገሩ፣ ችሎታቸው በየዙሩ በቁጥር እየተለካና ቁጥሩም ለሁሉም እየታየ፣ አብረው የሚያሸንፉበትና አብረው የሚሸነፉበት እንዲህ ያለ መድረክ ከዚህ በፊት አልነበራቸውም። በዚህ መድረክ ላይ የሴት ድምፅ በተሰማ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ስድብ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ስድቡ አለ ወይስ የለም የሚል አይደለም፤ መኖሩን እዚህ የተቀመጡ ሴት ተማሪዎች ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ጥያቄዬ ተሳዳቢው ማን ነው የሚል ነው። የበላይነቱ የተረጋገጠለት ወንድ ነው ወይስ ቦታው የተናጋበት?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል ሁለቱን አስቀድሜ ላስረዳ። ሁለቱም የተካሄዱት «ሄይሎ 3» በተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ የተኩስ ጌም ውስጥ ነው። ተጫዋቾች በቡድን ተከፍለው ይታኮሳሉ፤ በማይክሮፎን ይነጋገራሉ፤ ጌሙም ለእያንዳንዱ በችሎታው ልክ የደረጃ ቁጥር ይሰጠዋል። ጄፍሪ ኩዝነኮፍና ሊንድዚ ሮዝ የተባሉ የኮሙኒኬሽን ተመራማሪዎች በዚህ ጌም ውስጥ ቀላል ነገር ግን ብልሃት ያለበት ሙከራ አደረጉ። ማንንም የማያስከፉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን አስቀድመው በወንድና በሴት ድምፅ ቀዱ። ከዚያም ወደ ጨዋታው እየገቡ አንድ ጊዜ የወንዱን፣ ሌላ ጊዜ የሴቷን ድምፅ አሰሙ፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ድምፅ ተጫወቱ። የሚነገረው ቃል አንድ ነው፤ የተለየው የተናጋሪው ጾታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጽሑፋቸው እንደ ገለጹት የሴቷ ድምፅ ከወንዱም ድምፅ ሆነ ከዝምታው ይልቅ በአማካይ ሦስት እጥፍ አሉታዊ አስተያየት ደረሰበት።

ይህ ብዙ ላያስገርም ይችላል። አስገራሚው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ኩዝነኮፍ ከሥነ ሕይወት ተመራማሪው ከማይክል ካሱሞቪች ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 «ፕሎስ ዋን» በተባለው መጽሔት ላይ 163 ጨዋታዎችን የመረመረ ጥናት አወጣ። በጨዋታዎቹ ውስጥ የተናገሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በዚህ ጊዜ የስድቡን ብዛት ብቻ አልቆጠሩም፤ የተናጋሪውን የችሎታ ደረጃና በዚያ ዙር ያስመዘገበውን ውጤት ከንግግሩ ጋር አስተያዩ። ደረጃቸው ዝቅ ያለ ወንዶች ለሴቷ ድምፅ ይበልጥ ጠበኞች ሆነው ተገኙ፤ በተለይም በዚያ ዙር ሳይቀናቸው ሲቀር። እነዚሁ ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ለወንዱ ድምፅ ትሑታን ነበሩ። የተጫዋቹ ደረጃ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ደግሞ ለሴቷ ያለው አነጋገር እየለዘበ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሰው ሲሸነፍ ይናደዳል፤ ሲናደድም ይሳደባል ቢባል ነገሩ ተራ ይሆን ነበር። ይህ ቁጣ ግን መራጭ ነው። ያው ሰው፣ በዚያው ሽንፈት ውስጥ፣ ከወንድ ፊት አንገቱን ይደፋል፤ ከሴት ፊት ግን ይጮኻል። ስለዚህ የገነፈለ ስሜት ነው ብለን ልናልፈው አንችልም። የተናደደው ሰው ማን ላይ ሊጮኽ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል።

ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ በዝግመተ ለውጥ ላይ የተመሠረተ ነው፦ ሴቷ በወንዶች መካከል የቆየውን የደረጃ ሥርዓት ታናጋለች፤ ከሥርዓቱ መናጋት ይበልጥ የሚጎዱት በታችኛው እርከን ላይ ያሉት ናቸው፤ ስለዚህ ጠበኛ ይሆናሉ የሚል ነው። እኔ ግኝቱን ከማብራሪያው ይልቅ እቀበለዋለሁ። 163 ጨዋታ ስለ ሰው ልጅ ጥንተ ተፈጥሮ ለመናገር ጥቂት ነው፤ ጌሙም አንድ ነው፤ የታዩትም አፋቸውን የከፈቱት ብቻ ናቸው። የተጫዋቾቹን ዕድሜ በድምፅ ብቻ በርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል ደረጃው ዝቅ ያለው ሁሉ ገና ለጋ ልጅ ሊሆንም ይችላል። ከዚህም በላይ ጄሲ ፎክስና ዋይ ዬን ታንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ሌላ ጥናት መንገዱን ወደ አስተሳሰብ ይመልሰዋል፤ በጌም ውስጥ ሴትን ዝቅ አድርጎ የማየት ዝንባሌ ከልማዳዊ የወንድነት ደንብና ዓለም የበላይና የበታች ተብላ መከፈሏን ከመውደድ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እንደ እኔ ግምት ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። ዓለምን መሰላል አድርጎ የሚያይ ሰው ከሥሩ ያለው እርከን ባዶ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ይደነግጣል።

ወሳኙ ነገር ዝቅተኛ ደረጃ ነው ወይስ ሽንፈት ራሱ የሚለውን ለማየት ደቡብ ኮሪያ የሆነ አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ገጉሪ» በሚል የጌም ስም የምትታወቅ የ17 ዓመት ወጣት «ኦቨርዎች» በተባለው ጌም ውስጥ ዛሪያ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ይዛ ስትጫወት ዒላማዋ እጅግ የተዋጣ ስለነበር፣ ከተጋጣሚ ቡድን የመጡ ተጫዋቾች በማጭበርበሪያ ሶፍትዌር ትጠቀማለች ብለው ከሰሷት። ከሳሾቿ ጀማሪዎች አልነበሩም። ከእነርሱ ሁለቱ ንጹሕ መሆኗ ከተረጋገጠ ሙያውን እንተዋለን እስከ ማለት ደረሱ። የጌሙ አዘጋጅ ድርጅት እንዳላጭበረበረች አረጋገጠ፤ እርሷም በካሜራ ፊት፣ እጇና ስክሪኑ በቀጥታ ስርጭት እየታየ፣ ተጫውታ አሳየች። ሁለቱ ሰዎችም ቃላቸውን ጠብቀው ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገጉሪ የሻንጋይ ድራጎንስ ቡድንን ተቀላቅላ በኦቨርዎች ሊግ የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የድል ታሪክ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ባለ ከፍተኛ ደረጃ ወንድም በሴት እጅ ሲሸነፍ እንደ ዝቅተኛው ይሆናል፤ ቃላቱ ብቻ ይለያያሉ። ዝቅተኛው ይሳደባል፤ ከፍተኛው ማስረጃ ይጠይቃል። አንድ ወንድ ዒላማው ቢዋጣለት ችሎታው ይደነቃል፤ እርሷ ግን በካሜራ ፊት እጇን እንድታሳይ ተገደደች።

ወንድነት ለምን እንዲህ በቀላሉ ይናጋል? ጆሴፍ ቫንዴሎና ጄኒፈር ቦሰን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሴትነት በብዙዎች ዘንድ በዕድገት የሚመጣ ተደርጎ ሲታይ ወንድነት ግን በተግባር የሚገኝና በተግባር የሚታጣ ነገር ተደርጎ ይታያል። የተገኘው ሊታጣ ስለሚችል ዘወትር ማስመስከር ያስፈልገዋል። በቀጣዩ ዓመት ያሳተሙት ሙከራ በእኛ አገር ዓይን ሲታይ ልዩ ጣዕም አለው። ወንድ ተሳታፊዎችን ከሁለት ከፍለው ለአንዱ ክፍል የአሻንጉሊት ራስ ሰጥተው ጸጉር እንዲጎነጉን አደረጉ፤ ለሌላው ገመድ እንዲጎነጉን ሰጡት። የእጅ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ጸጉር የጎነጎኑት ግን ከዚያ በኋላ ከእንቆቅልሽ ጨዋታና ከቡጢ ልምምድ እንዲመርጡ ሲጠየቁ ወደ ቡጢው አዘነበሉ። ቡጢውን ከመቱ በኋላም ጭንቀታቸው ቀለል አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሹሩባ በእኛ ታሪክ የጦረኛ ጌጥ ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ሹሩባ የማያውቅ የለም። ጸጉር መጎንጎን ግን የሴት እጅ ሥራ ነው። አንዱ ጉንጉን በራሱ ላይ ሲሆን ጀግንነትን፣ በእጁ ላይ ሲሆን ውርደትን ያመለክታል ማለት ነው። ወንድነት ከነገሩ ባሕርይ ሳይሆን ነገሩን ከሚያይ ሰው እንደሚመነጭ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ «ሰምና ወርቅ» በተባለው የ1965 መጽሐፉ የምናውቀው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በቀጣዩ ዓመት በኢትዮጵያ ስላለው የወንድነት አስተሳሰብ ለብቻው ጽፎ ነበር። በአማራው ዘንድ ወንድነት በዋነኛነት ከጦረኝነትና ከመከራ ቻይነት ጋር እንደሚያያዝ አስተውሏል። ሌቪን ያጠናው ማንዝን ቢሆንም ጎጃሜ አንባቢ ብዙ የሚያውቀውን ነገር ያገኝበታል። እኔ የምጨምረው ስለ ተመልካቹ ነው። ፉከራና ቀረርቶ ለብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ሰው ፊት ይደረጋል፤ ከሰውም መካከል የሴቶች ጆሮ ልዩ ዋጋ አለው። ጀግናን በእልልታ የምትቀበል ሴት ናት፤ ፈሪን በግጥም የምታሳፍርም ሴት ናት። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለው ተረት ይህንኑ ይናገራል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሴት ተፎካካሪ አይደለችም፤ ዳኛ ናት። ወንዶች ይወዳደራሉ፤ እርሷ ትመዝናለች።

ኦንላይን ጌም የለወጠው ይህን ነው። ዳኛዋ ወደ ሜዳው ገባች። ከወንድ ጋር ተወዳድሮ የተሸነፈ ወንድ አንድ ነገር ብቻ ያጣል፤ «ወንድ ለወንድ ነው» ብሎ ሊጽናናም ይችላል። በሴት የተሸነፈ ግን ሁለት ነገር ያጣል፤ ውድድሩንና ምስክሩን። በዚያ ላይ ሽንፈቱን በክብር የሚሸፍንበት አባባል ከልማዱ አላገኘም። ያገኘው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ነው፤ ይህም ለተሸነፈ ሰው አይረባውም። ዐውቃ የጨረሰችው እርሷ ናትና። የካሱሞቪች የደረጃ መሰላል የማያስረዳልኝን የቁጣውን መራራነት ያስረዳልኝ ይህ ነው።

የተወለድሁባት ቁይ፣ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ፣ ትንሽ ናት። እዚያ ጌም ማለት በመጀመሪያ ጌም ቤት ነው፤ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ የተልፈሰፈሱ ጆይስቲኮች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተራ የሚጠብቁ ልጆች። የሚጫወቱት በአብዛኛው የእግር ኳስ ጌም ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ጌም ቤቱ ይበልጥ ደምቆ ነበር። ደንቡ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፤ ያሸነፈ ይቀመጣል። ተሸናፊው ተነሥቶ ኪሱን እየዳበሰ፣ ሁሉም እያየው፣ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ከሽንፈቱ ይልቅ ይህች አካሄድ ታሳፍራለች። በሄድሁባቸው ቀናት ሁሉ አንዲት ልጃገረድ ጆይስቲክ ስትይዝ አላየሁም። በር ላይ ቆመው ወንድሞቻቸውን የሚጠሩ ግን ነበሩ።

ልጁ ስልክ ሲይዝና መስመር ሲመለስ ከዚህ ቤት የተማረውን ይዞ ወደ «ፐብጂ» ወይም ወደ «ፍሪ ፋየር» ይገባል። በፐብጂ ሞባይል ከብሮንዝ እስከ ኮንከረር የሚደርስ የደረጃ ስም አለ፤ ቶሎ የሞተ ተጫዋች ነጥቡ ይቀነስበታል፤ ደረጃውም ከስሙ ጋር ይታያል። አራት ሆነው በአንድ ቡድን ይገባሉ። ጌም ቤት ውስጥ ግድግዳው ጋ የነበረው እፍረት አሁን በኪስ ውስጥ ይዞር ጀመር ማለት ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። በጌም ቤት ስድብ ሲበዛ ባለቤቱ «ውጣ» ይላል። በስልኩ ውስጥ ባለቤት የለም።

አሁን ከውጭ አገር ጥናቶች ወደማላገኘው ነጥብ ልምጣ። የተጠቀሱት ሙከራዎች ሁሉ የተደረጉት በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለተኛ መደብ ጾታ የለውም። በአማርኛ ግን «ተኩስ» ወይም «ተኩሺ»፣ «ና» ወይም «ነይ»፣ «የት ነህ» ወይም «የት ነሽ» ከማለት በቀር መንገድ የለም። የአማርኛ ተናጋሪ ቡድን ውስጥ አንዲት ልጅ ድምፅዋን ባሰማች ቅጽበት ወደ እርሷ የሚወረወረው ግስ ሁሉ ይለወጣል። በጎ ፈቃድ ያለው ተጫዋች እንኳ ጾታዋን ረስቶ ሊያዛት አይችልም፤ ሰዋስዉ አይፈቅድለትም። «እርስዎ» ጾታ የለውም፤ ነገር ግን ጥይት እየዘነበ «እርስዎ ይደበቁ» የሚል የቡድን ጓደኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

በአንጻሩ አንደኛ መደብ ጾታን ይደብቃል። «ተመታሁ»፣ «መጣሁ»፣ «ጥይት ጨረስሁ» የሚለው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ የምትነጋገር ልጅ የፈለገችውን ያህል ብትናገር አትታወቅም፤ ሌሎቹም በልማድ «አንተ» እያሉ ያናግሯታል። አንዲት ተማሪዬ በወንድ ስም ለሁለት ዓመት ያህል እንደ ተጫወተች ነግራኛለች። «የምፈራው መሸነፍን አይደለም» አለችኝ፤ «ጥሩ የተጫወትሁ ቀን ማይክ ክፈት ይሉኛል።»

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር አለ። ደካማ የተጫወተን ወንድ ጓደኞቹ «አንቺ» ይሉታል። «ነይ ተነሺ፣ አንቺን ብሎ ተኳሽ!» እናት ትንሽ ልጇን «አንቺ» ስትል ፍቅር ነው፤ ልጃገረድን «አንተ» ማለትም የፍቅር አጠራር ሊሆን ይችላል። ከእኩዮች አፍ ሲወጣ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ሴትን በወንድ መመሰል ሙገሳ ነው፤ እቴጌ ጣይቱን ለዐድዋ ዘመቻቸው፣ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ለአርበኝነታቸው ስናወድስ «እንደ ወንድ» ማለት ይቀናናል። ወንድን በሴት መመሰል ስድብ ነው። እንግዲህ በቡድኑ ውስጥ አንዲት እውነተኛ ሴት ብትኖር ጓደኞቿ ለውርደት የሚጠቀሙበት ተውላጠ ስም የእርሷ የዘወትር መጠሪያ መሆኑን እየሰማች ትጫወታለች ማለት ነው። ማንም እርሷን ባይሰድባትም በየደቂቃው ስሟ ስድብ ሆኖ ይጠራል። ይህን የትኛውም የስድብ ማጣሪያ ሶፍትዌር አይዘውም፤ ቃሉ ስድብ አይደለምና።

ሴቶች ይህን እንዴት እንደሚቋቋሙት አማንዳ ኮት የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው ጥናት ዘርዝራለች፦ ኦንላይን ጨዋታን ይተዋሉ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አይጫወቱም፣ ጾታቸውን ይደብቃሉ፣ በችሎታ አፍ ያስይዛሉ፣ ወይም ራሳቸው ኃይለኛ ሆነው ይመልሳሉ። ተማሪዬ ሦስተኛውን መንገድ መርጣለች። አምስቱም የሚጠይቁት ልፋት የሴቷን ነው፤ ወንዱ ምንም እንዲያደርግ አይጠየቅም። ዋጋውም በጨዋታው ውስጥ አያበቃም። ብዙ ወንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቁት በጌም ነው። አዲስ አበባ ላይ «ኩኩሉ»ን የመሰሉ ጌሞች የሚሠሩ የራሳችን ወጣቶች አሉ። በዚያ በር ላይ ቆማ ወንድሟን ብቻ የምትጠራው ልጅ ነገ በእነዚህ የሥራ ወንበሮች ላይ የመቀመጥ ዕድሏ ከዚያው በር ላይ መጥበብ ይጀምራል።

አንድ ተቃውሞ እጠብቃለሁ፤ ባለፈው ጊዜ በክፍል ውስጥ ይህንኑ ሳነሣ ተነሥቶ ነበርና። «ተሳዳቢው ስጉ ነው ካልህ ልታዝንለት ነው» የሚል ነው። አይደለም። አንድ ሰው ለምን እንደሚሳደብ ማወቅ ስድቡን አያቀልለውም፤ ሐኪም የወባን ምክንያት ስላወቀ ለወባ አያዝንም። ይልቅስ ስጋቱን ማወቅ የሚጠቅመው ሌላ ሰው እንድናይ ስለሚያደርገን ነው፦ ባለ ከፍተኛ ደረጃውን፣ ዝም የሚለውን። የ2015ቱ ጥናት እንደሚለው እርሱ አይሳደብም፤ ለሴቷም መልካም ይናገራል። ለተሳዳቢው ግን ምን ይለዋል? ዝቅተኛው ለበላዩ ወንድ አንገቱን እንደሚደፋ ጥናቱ ራሱ አሳይቶናል። እንግዲያው ከሴቷ መቶ መልስ ይልቅ የበላዩ አንድ ቃል ታሳፍረዋለች። የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ዝምታ በእኔ ሚዛን ከስጉው ጩኸት ያነሰ ጥፋት አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጾታን ከሚጠብቃቸው ማንነቶች መካከል ይቆጥራል፤ በአንድ ዙር ጨዋታ መካከል የሚወረወር ቃል ግን ፍርድ ቤት አይደርስም፤ ይድረስም አልልም።

ልማዳችን ራሱ ሁለት ነገር ያበድረናል። አንዱ ገና ነው። በገና ጨዋታ ላይ ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ ይሻማሉ፤ ጌታው ቢመታም አይቆጣም። ጨዋታው እስኪያልቅ ደረጃ ይነሣል ማለት ነው። ይህ ደንብ በሜዳው ላይ የሚሠራው ሁሉም ስለሚያውቀውና የተቆጣው ጌታ መሳቂያ ስለሚሆን ነው። ሴቶች ግን በዚያም ሜዳ አልነበሩም፤ ስለዚህ ብድሩ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው የቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ቅኔ ቤትም የፉክክር ቤት ነው። በዚህ የወንዶች ፉክክር መካከል ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው በጽላሎ ቅኔ አስተማሪ ሆኑ፤ ወንዶች ደቀ መዛሙርትም ከእግራቸው ሥር ተቀመጡ። ይህን ስናወራ ልማዳችን ለሴት ክፍት ነበር ብለን እንዳንኩራራ፤ በሩን የከፈተላቸው አባታቸው መምህር መሆናቸው ነው፤ የእርሳቸውም ስም እስከ ዛሬ ተለይቶ የሚጠራው ብዙ እኩያ ስላልነበራቸው ነው። ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን የቤቱ አሠራር ነው። በቅኔ ቤት የቅኔው ሚዛን በመምህሩ እጅ ነው፤ ቤት የጎደለበት ተማሪ እዚያው በሁሉም ፊት ይታረማል። ጌሙ ቆጣሪ አለው፤ ሚዛን የያዘ ሰው የለውም። የቡድን መሪ የሆነ ባለ ደረጃ ተጫዋች ያንን ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ጌም ቤት ያለው ወጣት ደግሞ ዛሬውኑ ይዞታል። በቁይ ያነጋገርሁት ባለ ጌም ቤት በሳምንት አንድ ቀን ለእኅቶቻቸው በግማሽ ዋጋ ቢከፍት ምን እንደሚመስለው ጠየቅሁት። «ወንዶቹ ይሄዱብኛል» አለ። ትንሽ አስቦ ደግሞ፣ «የሚሄዱት የሚሸነፉት ናቸው፤ እነሱ ናቸው ደግሞ የሚከፍሉኝ» አለኝ። የጉዳዩን ኢኮኖሚ ከእኔ ቀድሞ ተረድቶታል።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ የጥናት ሐሳብ ልተው። ከላይ ያልሁት ሁሉ በአማርኛ ገና አልተለካም፤ ለመለካት ግን ቋንቋችን ከእንግሊዝኛ የተሻለ መሣሪያ ሰጥቶናል። የተጫዋቾቹን ፈቃድ አግኝቶ የቡድን ጨዋታዎችን ድምፅ መቅዳት፤ ወንድ ወንድን «አንቺ» ያለበትን ጊዜ ሁሉ መቁጠር፤ የተናጋሪውን ደረጃ፣ የተጠሪውን ደረጃና ቃሉ ከሽንፈት በፊት ወይም በኋላ መምጣቱን መመዝገብ፤ ከዚያም ሴት በቡድኑ ባለችበትና በሌለችበት ማነጻጸር። ስለ ተሸናፊው ቁጣ ያልሁት ትክክል ከሆነ ቃሉ ከሽንፈት በኋላ ከዝቅተኞቹ አፍ ይበዛል። ከአሸናፊዎቹ አፍ በድል ሰዓት የሚበዛ ከሆነ ግን ክርክሬ እንደገና መሠራት ይኖርበታል፤ ያ ውጤት ይበልጥ ያጓጓኛል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቁይ፣ አንድ መቅረጫና ሁለት ታጋሽ ጆሮ ካለ ሥራው በአንድ ክረምት ይደረሳል። ርእሱን ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚወስድ ወይም የምትወስድ ተማሪ ካለ ከገለጻው በኋላ እዚሁ አለሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።